አቤቱታ የማይቀበለው ሳጥን

ስክሪኑ እንደገና ቀዩን ጽሑፍ አወጣባት። «ይህን ስም መጠቀም አይችሉም።»

«ምነው፣ ካባትህ የወረስከው ነው?» አለችው ኮምፒውተሩን፣ እንደሚሰማት ሁሉ።

ለመክፈት የምትታገለው «አቢዩዝ» የሚል የኢሜይል አድራሻ ነበር። ሰዎች የተላከላቸው መልእክት ሲያስመርራቸው አቤት የሚሉበት፣ ኢሜይል የሚልክ ድርጅት ሁሉ ሊኖረው የሚገባ አድራሻ ነው። የሕክምና ላቦራቶሪው ግን የኢሜይል ሳጥኖቹን የተከራየው ከሌላ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያውም እንደ አስቸጋሪ የቤት አከራይ ያቺን አንዲት ስም ለራሱ ይዟታል። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ያንቺ ነው፣ ጓዳዋን ግን እንዳትነኪ ዓይነት ነገር።

የላቦራቶሪው የኮምፒውተር ባለሙያ እሷ ብቻ ናት። ሠራተኛው ሁሉ «ኔትወርክ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት እንግዳ ተቀባይዋ እታለም ነበረች፤ አንድ ቀን ኢንተርኔት ተቋርጦ ታካሚ ሲያጉረመርም «ቆይ፣ ኔትወርክ አሁን ትመጣለች» አለችና በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ተቀየመች፤ ኋላ ለመደችው። አሁን በስሟ የሚጠራት አባቷ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ።

«እና?» አለ ዶክተሩ ከበር ላይ። የላቦራቶሪው ባለቤት ነው፤ በር ላይ ቆሞ መጠየቅ እንጂ ገብቶ መቀመጥ አይወድም።

«አድራሻውን አይሰጡንም ዶክተር።»

«ሰው ውጤቱ አልደረሰኝም እያለ ይጮህብኛል። ዛሬ ጠዋት አንዷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ማዶ ያለው ላቦራቶሪ ወዲያው ነው የሚልከው።›»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። ማስረጃ ካመጣሽ ደግ፤ ካላመጣሽም እታለምን አሰናብታታለሁ። በጥርጣሬ ሰው ይዤ መቀመጥ አልችልም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ትልቁ የኢሜይል ድርጅት ላቦራቶሪው ከሚልካቸው የምርመራ ውጤቶች ገሚሱን ወደ ስፓም፣ ማለትም ወደ ቆሻሻ መልእክት መጣያው፣ መወርወር ጀመረ። ለምን ቢሉት «ተቀባዮቻችሁ እየከሰሷችሁ ነው» አለ። ማን? አይናገርም። በየትኛው መልእክት? አይናገርም። ማወቅ ከፈለጋችሁ ተመዝገቡ፣ አንድ ሰው «ይህ ስፓም ነው» የሚለውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር አቤቱታውን እንልክላችኋለን፣ የምንልከው ግን «አቢዩዝ» በሚለው አድራሻ ነው አለ። 

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ወዲያው ደመደመ። አንድ ሰው የታካሚዎችን አድራሻ ሸጧል፤ የገዛውም በላቦራቶሪው ስም የማስታወቂያ መዓት እያዘነበ ሰውን አስመርሯል። በስብሰባው ላይ «አድራሻ የሚመዘግበው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ኔትወርክ «እታለም ናት» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ከሰዓት የምትተካት ልጅ ብትኖርም ብዙውን የምትመዘግበው እሷ ናት። ግን በዚያ አላበቃችም። እታለም ማዶ ካለው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ጋር ምሳ ስትበላ እንዳየቻት ጨመረችበት። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ኔትወርክ ጠርጣራ ናት። ታክሲ ውስጥ የተመለሰላትን ብር ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። ሰው «አይዞሽ» ሲላት ምን ደብቆኝ ነው ትላለች። ይኸው ጠባይዋ ቤትም ይከተላታል። አባቷ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እግሩ ከፍሬን ስለማይነሳ ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉት ነበር። አንድ ጊዜ አጭበርባሪ ደውሎ ሽልማት ደርሶሃል ሊለው ከሞከረ ወዲህ ስልኩን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አባቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያኖርላታል። ማን እንደደወለ ታያለች፣ መልእክቶቹን ታነባለች፣ የስፓሙን መጣያ ደግሞ ሳታየው ሙልጭ አድርጋ ታጸዳዋለች። ኢሜይሉንም የከፈተችለት እሷ ናት፤ አድራሻው ለማስታወስ እንዲቀለው በዚያው በቅጽል ስሙ ይጀምራል።

ዶክተሩ ከበሩ ሲሄድ ለአከራዩ ኩባንያ ደወለች። ሙዚቃ ሰማች፤ እንደገና ሙዚቃ ሰማች፤ በመጨረሻ ትሁት ድምፅ ያለው ልጅ አነሳው።

«ያንን ስም ሲስተሙ ይዞታል እመቤት። ለደህንነትዎ ነው።»

«አቤቱታ እንዳይደርሰኝ ማድረግ ነው ደህንነቴ?»

«በዚያ አድራሻ የሚመጣ ነገር ካለ እኛ እንቀበልልዎታለን።»

«ተቀብላችሁስ?»

«እንቀበላለን።»

«ታነቡታላችሁ?»

«እሱን ማረጋገጥ አልችልም።»

«ለኔስ ትልኩልኛላችሁ?»

«ከፍ ያለውን ጥቅል ለሚገዙ ድርጅቶች ሊታሰብ ይችላል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«የመጀመሪያውን መች ረዱኝና» ብላ ዘጋችው።

ቁጭ ብላ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ድንገት ተነስታ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። በጓንትና በሲሪንጅ ካርቶኖች መካከል ውጤቶቹን የሚልከው ትንሹ ሰርቨር ያጉረመርማል። እሱ የተከራዩት አይደለም፤ የራሳቸው ነው። ውጤቶቹም የሚወጡት በላቦራቶሪው ዋና የኢንተርኔት ስም ሳይሆን ከፊቱ «ውጤት» የሚል ቃል በተጨመረበት ስም ነው። ታዲያ መልእክቱ ከዚህ ከወጣ አቤቱታውስ እዚሁ ለምን አይመለስም? ሰርቨሩ እስካሁን መላክ እንጂ መቀበል አያውቅም ነበር፤ አፍ እንጂ ጆሮ አልነበረውም። ከሰዓቱን ሁሉ ጆሮ ስታበጅለት ዋለች። በዚያ ስም ሥር «አቢዩዝ»ን ከፈተች፤ ማንም አልከለከላትም። ተመዘገበች፤ የማረጋገጫው መልእክትም ሲመጣ ካርቶኖቹ መካከል ለብቻዋ አጨበጨበች።

አቤቱታዎቹ በጠረጴዛዋ ላይ እንዲደርሷት ወደ ተከራዩት ሳጥን እንዲዞሩ ለማድረግም ሞክራ ነበር። አከራዩ አልቀበልም አለ። እያንዳንዱ አቤቱታ የተከሰሰውን መልእክት በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከሳሹንም ተከሳሹንም አንድ ላይ ስፓም ብሎ አባረራቸው። ስለዚህ ማንበብ የምትችለው እዚያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ብቻ ሆነ።

አቤቱታዎቹ እስኪመጡላት ድረስ እታለምን በዓይኗ ትከታተላት ጀመር። ፕሪንተር ላይ፣ ገመድ ላይ፣ አምፖል ላይ ሰበብ እየፈለገች እንግዳ መቀበያው ጋ ትመላለሳለች። እታለም መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሰፊ ሴት ናት። ወጣቷን «የኔ እናት»፣ ሽማግሌውን «አባቴ» እያለች ታስተናግዳለች። አንዳንዱን ታካሚ ግን ካስተናገደች በኋላ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ትልና ድምጿን ትቀንሳለች። ኔትወርክ ስትደርስ ወሬው ይቋረጣል።

«ምን ፈለግሽ ኔትወርክ?»

«ምንም። ፕሪንተሩን ልየው ብዬ ነው።»

«ትናንትም አይተሽዋል። ፈውሰሽዋል፤ ደህና ነው።»

ለወትሮው እንዲህ ብላ ትስቅ ነበር። አሁን አትስቅም፤ ዓይኗንም ከኔትወርክ ዓይን ታሸሻለች። የሰረቀ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው አለች ኔትወርክ በሆዷ።

ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዎቹ አቤቱታዎች፣ የሦስት ቀኑ ተጠራቅሞ፣ በአንድ ላይ መጡ። የሳሙና፣ የመኪና፣ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ጠብቃ ነበር። አንዱን ከፈተች። «ውድ ታካሚያችን፣ የምርመራ ውጤትዎ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ይላል። ሌላውን ከፈተች፤ ያው ነው። የተከሰሰው የሌባ ማስታወቂያ ሳይሆን የራሳቸው የላቦራቶሪው ደብዳቤ ነበር። ሰው የገዛ ደሙን ውጤት ስፓም ነው ብሎ ይከሳል እንዴ?

የከሳሾቹ አድራሻ ተሸፍኗል፤ የታካሚው የካርድ ቁጥር ግን በመልእክቱ ርዕስ ላይ እንዳለ ነው። ቁጥሮቹን ከመዝገቡ ጋር ስታስተያይ ሁሉም በጠዋቱ ፈረቃ የተመዘገቡ ሆነው አገኘቻቸው። የከሰዓቷ ልጅ ከመዘገበቻቸው አንድም የለበትም። የጠዋቱ ፈረቃ የእታለም ነው።

ተነስታ ወጣች። ቀስ ብላ በአምዱ ጀርባ ቆመች። መስኮቱ ጋ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ስልኳን ለእታለም ሰጥታታለች። እታለም መነጽሯን አድርጋ በአውራ ጣቷ እየጠቆመች ታንሾካሹካለች።

«ይኸውልሽ የኔ እናት፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ይህችን የቃለ አጋኖ ምልክት ትጫኛታለሽ። ከፊት ዞር ይልልሻል።»

ምልክቷ «ይህ ስፓም ነው» የሚለው ቁልፍ መሆኗን ኔትወርክ ታውቃለች፤ ደሟ ፈላ። እጅ ከፍንጅ ነው የያዘቻት። አድራሻ መሸጥ ምን አላት፤ ታካሚውን ራሱን እያሰለጠነች ላቦራቶሪውን ታስከስሳለች! ማዶ ያሉት ስንት ከፍለዋት ይሆን? እዚያው ልትጮህባት አሰበችና ተወችው። ማስረጃውን አሟልታ ለዶክተሩ በእጁ ልትሰጠው ወደ ዕቃ ክፍሉ ተመለሰች።

አቤቱታዎቹን አንድ በአንድ ስትለይ አንዱ ቁጥር ደጋግሞ መጣባት። የመላኪያውን መዝገብ አየች። ለዚህ ሰው ያው ውጤት ተልኮለታል፣ እንደገና ተልኮለታል፣ አሁንም ተልኮለታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ «ድጋሚ ይላክ» ያለችው እታለም ናት። በእያንዳንዱ ጊዜም ተከሷል። ይቺ ሴት ምን ዓይነት ጨካኝ ናት፣ አንዱን ምስኪን መሣሪያ አድርጋዋለች ብላ የካርድ ቁጥሩን ባለቤት ፈለገች።

አድራሻው «ፍሬን» ብሎ ይጀምራል።

ክው አለች። አድራሻውን ደግማ አነበበችው፤ የከፈተችው እሷ ናት፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ከሥሩ ውጤቱ የሚከፈትበት ቁልፍ አለ። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ የእታለም ድምፅ ከበር ተሰማ።

«ጓንት ልወስድ ነው። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«በሩን ዝጊው እታለም።»

እታለም ዘጋችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ያንን ምልክት እንዲጫኑ ማነው አስተምሪ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አንዲት ታካሚ ናት ያሳየችኝ። ባሏ ስልኳን ይበረብራል። ታጥፋው እንዳይባል፣ ውጤቱ ሐኪም ጋ ያስፈልጋታል። እዚያ ውስጥ ከገባ ግን ማንም አያየውም፤ ቆሻሻ ነዋ፤ ማን ቆሻሻ ይበረብራል? ከዚያ ወዲህ ተቸግሬያለሁ ላለኝ ሁሉ አሳየዋለሁ። ስልኩን ለብቻው የያዘ ሰው ስንት አለ ብለሽ ነው? ባል የሚስቱን፣ እናት የልጇን፣ ልጅ ያባቷን…» አለችና አቋረጠችው።

«እታለም፣ እሱ ምልክት እኮ ክስ ነው። በተጫኑት ቁጥር ላቦራቶሪውን ይከሳሉ። ውጤታችን የማይደርሰው በዚህ ነው።»

እታለም አፏን በእጇ ያዘች። እንዲህ ስትደነግጥ ያየ ሰው ተከፍሏታል ሊል አይችልም፤ ኔትወርክ እንኳን አላለችም።

«በስመ አብ። እኔ እኮ መደበቂያ መስሎኝ ነው። ምነው ሳትነግሪን?»

«አልጠየቃችሁኝም።» «አባቴስ?»

«አባትሽ ምን ሆነ?»

«ቁጥሩን አይቼዋለሁ።»

እታለም ካርቶን ስባ ተቀመጠች። ሰሞኑን ዓይኗን ስታሸሽ የከረመችው ሴት አሁን ትኩር ብላ አየቻት።

«ምንድን ነው የተመረመረው? ምን አለው?»

«አልነግርሽም ልጄ።»

«አባቴ ነው እኮ።»

«ለዚያ ነው የማልነግርሽ። ‹እሷ ካወቀች እኔ በሽተኛ፣ እሷ ዘበኛ እንሆናለን› አለኝ። ሲመጣ አንቺን ኮሪደሩ ላይ እንዳያገኝ እየደወለ ነው የሚመጣው። እኔም አንቺን ባየሁ ቁጥር አፌ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። ኮምፒውተሩ በእጅሽ ነው፤ ክፈቺው ብትዪ ማን ይከለክልሻል? ከኔ አፍ ግን አትሰሚውም።»

«ለምንድን ነው ደጋግመሽ የላክሽለት?»

«ይጠፋብኛል እያለ ነዋ። ማታ እዚያ ደብቄው ጠዋት የለም ይለኛል። ስልኩ አርጅቷል፣ አዲስ ልግዛ ይሆን እያለ ያማክረኛል።»

ኔትወርክ ማታ ማታ ሙልጭ አድርጋ የምታጸዳው መጣያ ትዝ አላት። አባቷ ከሷ ዓይን ያተረፋት ያቺን አንዲት ጥግ ነበር፤ እሷንም በየቀኑ ጠርጋበታለች። አፈረች። ያፈረችው ስለ አባቷ ብቻ አልነበረም፤ በስብሰባው ላይ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ምሳ ያወራችው ትዝ አላት።

«ማዶ ካለችው ሴት ጋር ምሳ ስትበዪ አይቼሽ ነበር» አለች።

«የእህቴ ልጅ ናት። ምነው?»

«ምንም» አለችና ተነሳች።

ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራት፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አድራሻ የሸጠ ሰው የለም» አለችው። «ሰዎች ውጤታቸውን ከቤተሰብ ሊደብቁ ብለው ነው ቁልፉን የሚጫኑት። ያሳየቻቸው እታለም ናት። ክስ መሆኑን አላወቀችም፤ እኔም ለማንም አስረድቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ያልኩሽ አይደለም? ጥፋቱ የእሷ ነው።»

«ጥፋቱ መደበቂያ አለማበጀታችን ነው ዶክተር። ታካሚው ሲመዘገብ በኢሜይል ይላክልህ ወይስ በወረቀት ትወስዳለህ ብለን ብንጠይቀው ማንም አይከሰንም። የሚጠይቅልን ሰው ደግሞ ያስፈልገናል። ለእሷ የነገሯትን ለማን ይነግራሉ?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስሟን ያነሳሽው አንቺ ነበርሽ እኮ።»

«አዎ። ተሳስቻለሁ።»

«ውጤቱ ግን ይድረስልኝ» አለ፤ ከሱ አፍ ይህ እንደ ይቅርታም እንደ ይሁንታም ነው።

የቀረው ሥራ ደንቡን መፈጸም ነበር። የከሰሰ ሰው ሁሉ ከመላኪያው ዝርዝር መውጣት አለበት፤ ካልወጣ የኢሜይል ድርጅቱ ውጤቶቹን ወደ ስፓም መወርወሩን አያቆምም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አወጣች። የአባቷ ጋ ስትደርስ ገና የገባ አዲስ ውጤት ወረፋ ላይ ተቀምጦ አገኘች። የመጀመሪያው ሳይሆን ሌላ ምርመራ ነው። ሁለተኛ ምርመራ የሚታዘዘው መቼ እንደሆነ እዚህ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል። አንዴ ብትጫነው ይከፈታል። አባቷ አያውቅም፤ እታለም አታውቅም። ቁጥሩን ከመላኪያው አወጣችና ስክሪኑን አጥፍታ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደች።

«እታለም፣ አንድ ውጤት ተይዟል፤ በኢሜይል አይሄድም። ከራስሽ ኮምፒውተር በወረቀት አውጪውና አሽገሽ አስቀምጪው። ለባለቤቱም ደውዪለት።»

እታለም የማን ነው አላለችም።

«ነገ ጠዋት እኔ እዚህ የለሁም፤ ሌላኛው ቅርንጫፋችን ነው የምውለው። እሱንም ንገሪው።»

ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አባቷ እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ ከሳህኖቹ አጠገብ አኖረላት። ኔትወርክ አየችው። ከስቷል? ወይስ ዛሬ ነው ያየችው? ሳትጠይቀው ሳህኖቹን ወደ ዳር ገፋች።

«ምነው፣ ዛሬ አታይውም?» አለ አባቷ።

«አላየውም አባባ። ና፣ የሚስጥር ቁጥር ላስገባልህ። አንተ ካልከፈትከው እንዳይከፈት።»

አባቷ ስልኩንም እሷንም በጥርጣሬ አየ። ጠባይዋን ከማን እንደወረሰችው ያኔ ገባት።

«ቁጥሩን አንቺ ነሽ የምትመርጪው?»

«አንተ ነህ።»

«ብረሳውስ?»

«አትረሳውም። የድሮ መኪናህን ታርጋ እስከ ዛሬ በቃልህ ታውቃለህ።»

«ቁጥር አስገባ» የሚለው ቦታ ላይ አድርሳ ስልኩን በእጁ አስያዘችው። አባቷ መነጽሩን አደረገ፣ ጣቱን አነሳ፣ ግን አልነካውም፤ እሷን ይጠብቃል። ኔትወርክ ወንበሯን አዞረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች። ከኋላዋ አንዲት የቁልፍ ድምፅ ተሰማች፣ ከዚያ ሌላ። ጨረስኩ እስኪላት ድረስ ዞር አላለችም።